ኤንጂሲ 4993፦ ሞላላ ጋላክሲ ነው ወይስ ሌንቲኩላር?

አድማስ ማዶ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ስለተመዘገበው የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የግዙፍ ኮከቦች ቅሪቶች) ውሕደት ሳነብ ያልጠራልኝ ነገር ስላለ ብታስረዱኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ውሕደቱ የተከሰተው ኤንጂሲ 4993 በሚባል፣ በሃይድራ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ በሚገኝ ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ መሆኑን ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ይስማሙበታል። የጋላክሲውን ዓይነት ሲጠቅሱ ግን አንዱ ሞላላ ነው ይላል፣ ሌላው ሌንቲኩላር ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል።

የሀብል ቴሌስኮፕ ያነሣውን ምስል አጉልቼ ተመለከትኩት። መሐሉ ደማቅ ሆኖ ወደ ዳር እየደበዘዘ የሚሄድ፣ ጠርዙ የት ላይ እንደሚያበቃ በዓይን ሊወሰን የማይችል ቢጫማ ብርሃን ነው። እንደ አንድሮሜዳ ባሉት ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች ላይ የሚታየው ክንድ የለውም፤ ሰማያዊ የአዳዲስ ኮከቦች ስብስብም አላየሁበትም። ታዲያ ክንድ የሌላቸውን ሁለት ዓይነት ጋላክሲዎች፣ ያውም በዚህን ያህል ርቀት ላይ እያሉ፣ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የሚለዩዋቸው በምንድን ነው? ልዩነቱ የስያሜ ብቻ ከሆነ ትቼው ልለፍ፤ ስለ ውሕደቱ የሚነግረን ነገር ካለው ግን በዝርዝር ቢብራራልኝ ደስ ይለኛል። ርቀቱም በአንዱ ጽሑፍ 130፣ በሌላው 140 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ተብሎ ተጽፏል፤ የትኛውን ልያዝ?

የማታ ሰማይ፦

ውድ አድማስ ማዶ፣ ምስሉን አይተው መወሰን ካቃተዎት የዓይንዎ ድክመት አይደለም፤ ከአንድ ምስል ብቻ ተነሥቶ ይህን ጋላክሲ ያለ ጥርጥር የሚመድብ ባለሙያ የለም። የችግሩ ዋና ምንጭ ጋላክሲው ወደ እኛ የተመለሰበት አቅጣጫ ነው።

ኤድዊን ሀብል ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው ሲመድብ በአንድ በኩል ሞላላዎቹን፣ በሌላ በኩል ጠመዝማዛዎቹን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ በሁለቱ መካከል ኤስ ዜሮ የተባለ ምድብ ጨመረ፤ በዚያን ጊዜ ምድቡ እንዲህ ያለ ጋላክሲ መኖር አለበት ተብሎ በግምት የተቀመጠ ነበር። ዛሬ ሌንቲኩላር የምንላቸው እነዚህን ነው። እንደ ጠመዝማዛዎቹ ሁሉ ኮከቦቻቸው በስስ ዲስክ ላይ ተዘርግተው በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ መሐላቸው ላይም ያበጠ የኮከቦች ጉብታ አላቸው። ክንድ ግን የላቸውም፤ አዲስ ኮከብ የሚፈጠርበት ቀዝቃዛ ጋዝም በአብዛኛው አልቆባቸዋል። ሞላላዎቹ፣ በተለይ ግዙፎቹ፣ ዲስክ የላቸውም፤ ኮከቦቻቸውም በየአቅጣጫው ይመላለሳሉ እንጂ አብረው አይዞሩም።

ጉዳዩን ለመረዳት ኤንጂሲ 5866ን መመልከት ይበቃል። በድራኮ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ 50 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚገኝ ሌንቲኩላር ጋላክሲ ሲሆን፣ ለእኛ የሚታየን በጎኑ ነው። በሀብል ቴሌስኮፕ ምስል ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር የአቧራ መስመር ጋላክሲውን ለሁለት ሲከፍለው፣ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ የተዘረጋ ሰማያዊ የኮከቦች ዲስክ በግልጽ ይታያል። ይህ ጋላክሲ ዲስክ የለውም ብሎ የሚከራከር አይኖርም። አሁን ይህንኑ ጋላክሲ በሐሳብዎ 90 ዲግሪ አዙረው ፊት ለፊት ይመልከቱት። ጥቁሩ መስመር እንደዚያ ጎልቶ መታየቱ ይቀራል፤ ዲስኩና ጉብታው አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ፤ ወደ ዳር የሚደበዝዝ ክብ ብርሃን ብቻ ይቀርዎታል። እርስዎ በኤንጂሲ 4993 ምስል ላይ ያዩት ዓይነት ብርሃን ማለት ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከዓይን እይታ አልፈው ልኬት ይወስዳሉ። አንደኛው ልኬት ብርሃኑ ከመሐል ወደ ዳር ሲሄድ በምን ሥርዓት እንደሚቀንስ ማየት ነው። በዲስክ ላይ እኩል ርቀት በተራመድን ቁጥር ብርሃኑ በእኩል እጅ እየቀነሰ ይሄዳል። በሞላላ ጋላክሲ ላይ ግን መሐሉ ላይ በፍጥነት ያሽቆለቁልና ከዚያ በኋላ ረጅም ደብዛዛ ዳርቻ ይዞ ይቀጥላል። በመሐሉ የሞላላ፣ በዳሩ የዲስክ ባሕርይ የሚያሳይ ጋላክሲ ሲገኝ ሌንቲኩላር የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነው የኮከቦቹን እንቅስቃሴ መለካት ነው። የጋላክሲውን ብርሃን በስፔክትሮግራፍ (ብርሃንን በየቀለሙ በሚዘረጋ መሣሪያ) ሲበትኑት በቀለሞቹ መካከል መስመሮች ይታያሉ፤ ወደ እኛ የሚመጣው ወገን መስመሮች ወደ ሰማያዊ፣ ከእኛ የሚሸሸው ወገን መስመሮች ደግሞ ወደ ቀይ ሸርተት ይላሉ። ይህ ልዩነት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በሥርዓት ከታየ ጋላክሲው ይዞራል ማለት ነው። አትላስ ሦስት-ዲ የተባለው ጥናት፣ በላ ፓልማ ደሴት በሚገኘው 4.2 ሜትር ስፋት ባለው የዊልያም ኸርሼል ቴሌስኮፕ ላይ ሳውሮን የተሰኘውን መሣሪያ ተጠቅሞ 260 ሞላላና ሌንቲኩላር ጋላክሲዎችን በዚህ መንገድ መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት መሠረት ከመቶ 86ቱ በፍጥነት የሚዞሩ ሆነው ተገኙ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ፣ በዓይን ሞላላ ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ እንኳ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በፍጥነት ከሚዞሩት ወገን መሆናቸው ነው። እርግጥ ይህም ዘዴ ወሰን አለው፤ ጋላክሲው ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት ከታየን ኮከቦቹ ወደ ጎን እንጂ ወደ እኛ ወይም ከእኛ ወዲያ ስለማይንቀሳቀሱ፣ የመስመሮቹ መንሸራተት በጣም ያንሳል።

ወደ ኤንጂሲ 4993 ስንመለስ፣ ብርሃኑን በአብዛኛው የያዘው መሐለኛው ጉብታ በመሆኑ ለሞላላ የቀረበ ይመስላል። አንዳንድ ካታሎጎች በሁለቱ ወሰን ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። እኔ ሌንቲኩላር የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሞላላ ብሎ የጻፈውን ግን ተሳስቷል አልለውም።

ኅብረ ቀለም፦

የማታ ሰማይ ስለ ምደባው በሚገባ አብራርተዋል። ጋላክሲው እንዴት እንደተገኘ እኔ ልጨምር፤ ምክንያቱም ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1789 ካገኘው ጀምሮ ከ200 ዓመት በላይ ከሺዎቹ የካታሎግ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ሆኖ የኖረው ይህ ጋላክሲ በአንድ ቀን ውስጥ የብዙ ቴሌስኮፖች ዒላማ የሆነበት መንገድ ለጥያቄዎ መልስ ይሆናል።

በዚያን ዕለት በዓለም አቀፉ ሰዓት 12፡41 ላይ የስበት ሞገድ (በኅዋ ውስጥ የሚጓዝ የስበት መርገብገብ) መቀበያዎቹ 100 ሰከንድ ገደማ የቆየ ምልክት መዘገቡ። ከውሕደቱ 1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት አጭር የጋማ ጨረር ብልጭታ አየች። በአሜሪካ ከሚገኙት ሁለት ሊጎ የተባሉ የስበት ሞገድ መቀበያዎች በአንደኛው ላይ፣ ምልክቱ እያለፈ ሳለ ድንገተኛ የመሣሪያ ረብሻ ስለተደረበበት፣ ረብሻው ተለይቶ እስኪወጣና የሰማዩ ካርታ ተሠርቶ እስኪሰራጭ ድረስ ሰዓታት አለፉ። በጣሊያን የሚገኘው ቪርጎ የተባለው መቀበያ ደግሞ ምልክቱን እጅግ ደካማ አድርጎ ነበር የተቀበለው። ነገር ግን ይኸው ድክመት ራሱ ጠቀመ፤ ምንጩ ቪርጎ በደንብ ከማይሰማባቸው አቅጣጫዎች በአንዱ መሆን አለበት የሚል መደምደሚያ ስለሰጠ፣ የፍለጋው ቦታ ወደ 28 ካሬ ዲግሪ ጠበበ። ይህም ቢሆን ከ100 በላይ ሙሉ ጨረቃዎች የሚሸፍኑትን ሰማይ የሚያህል ነው።

ያን ሁሉ ሰማይ ከዳር እስከ ዳር ማሰስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ አልነበረም፤ ቦታው በሰማይ ላይ ለፀሐይ ቅርብ ስለነበር ከመሸ በኋላ ለመጥለቅ የሚቀረው ጥቂት ጊዜ ነበር። በቺሊ ላስ ካምፓናስ በሚገኘው 1 ሜትር ስፋት ባለው ስዎፕ ቴሌስኮፕ የሠራው ቡድን የመረጠው ዘዴ፣ በተጠቆመው ርቀትና አቅጣጫ የሚገኙትን የታወቁ ጋላክሲዎች ዘርዝሮ በየተራ ፎቶ ማንሣት ነበር። ኤንጂሲ 4993 ሲደርስ፣ ከጋላክሲው መሐል 10 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ገደማ ፈንጠር ብሎ፣ ቀድሞ በተነሣው ምስል ላይ ያልነበረ የብርሃን ነጥብ ታየ። ከውሕደቱ 10.9 ሰዓት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያው ሰዓት ውስጥ ሌሎች ቡድኖችም እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይህንኑ ነጥብ አገኙት።

እዚህ ላይ የጋላክሲው ዓይነት ያደረገውን አስተዋጽኦ ልብ ይበሉ። በጠመዝማዛ ጋላክሲ ክንድ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ነጥቡ በአዳዲስ ኮከቦች ስብስብና በአቧራ መካከል ተደብቆ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ብርሃኑ ለስላሳ በሆነ አሮጌ ጋላክሲ ላይ ግን አዲስ ነገር ወዲያው ያፈጥጣል። እንደ አጋጣሚ ሀብል ቴሌስኮፕ ከአራት ወር ገደማ በፊት፣ በአፕሪል 2017፣ ይህንኑ ጋላክሲ ፎቶ አንሥቶት ነበር፤ በዚያ ጥልቅ ምስል ላይ በተጠቀሰው ቦታ ምንም አይታይም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነጥቡ ከሰማያዊነት ወደ ቀይነት ተለወጠ፣ ደበዘዘም። ይህ ዓይነቱ ፍንዳታ ኪሎኖቫ የሚባለው ነው፤ ቀለሙ ቶሎ የሚቀላው ከብረት እጅግ የከበዱ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያፍኑት ነው።

አድማስ ማዶ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን እርስ በርሱ የተጋጨ መስሎ ታየኝ። ሌንቲኩላር ጋላክሲ ጋዝ ስላለቀበት አዳዲስ ኮከቦችን አይፈጥርም ካልን፣ ኒውትሮን ኮከብ ደግሞ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነድዶ የሚያልቅ ግዙፍ ኮከብ ቅሪት ከሆነ፣ እንዲህ ባለ ጋላክሲ ውስጥ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ከየት መጡ?

ኅብረ ቀለም፦

አይጋጭም፤ እንዲያውም የጋላክሲው ዓይነት ዋና ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። ግዙፎቹ ኮከቦች የኖሩት በጣም ጥንት፣ ጋላክሲው ገና ጋዝ በነበረው ጊዜ ነው። ሲሞቱ የተዉአቸው ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግን ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን እየዞረ ለብዙ ዘመን መቆየት ይችላል። በሚዞሩበት ጊዜ ሁሉ የስበት ሞገድ ያመነጫሉ፤ ሞገዱም ጉልበት ይወስድባቸዋል፤ ስለዚህ ምሕዋራቸው ቀስ በቀስ እየጠበበ ይሄዳል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የተያዘ ነገር አይደለም። ራስል ኸልስና ጆሴፍ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1974 በአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ያገኙት የኒውትሮን ኮከቦች ጥንድ፣ በ7.75 ሰዓት አንድ ዙር የሚያጠናቅቅ ሲሆን፣ የዙሩ ጊዜ የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ በሚተነብየው ልክ እያጠረ መምጣቱ ለዓመታት ተለክቷል። ግኝቱ በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አሰጥቷቸዋል። ያ ጥንድ ለመዋሐድ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ጥንዱ ሲፈጠር በመካከላቸው ያለው ርቀት ትንሽ ሰፋ ብሎ ከሆነ ጥበቃው በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ምክንያቱም የመዋሐጃው ጊዜ ከርቀቱ አራተኛ ኃይል ጋር ይጨምራል። ርቀቱ በእጥፍ ቢሰፋ ጥበቃው በ16 እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው።

ጋላክሲው ጠመዝማዛ ቢሆን ኖሮ ጥንዱ ትናንት የተፈጠረ ይሁን ከቢሊዮኖች ዓመታት በፊት ለማለት አንችልም ነበር፤ ሁለቱም ዓይነት ኮከቦች አብረው ስለሚኖሩበት። የኤንጂሲ 4993 ብርሃን ሲተነተን ግን አብዛኞቹ ኮከቦቹ በቢሊዮን የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው መሆናቸውን፣ አዲስ የኮከብ ፍጥረትም ከቁጥር የማይገባ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የጥንዱ ጥበቃ በቢሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። «የስያሜ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ልለፈው» ላሉት መልሱ ይህ ነው፤ ሞላላም ተባለ ሌንቲኩላር ይህ መደምደሚያ አይለወጥም፤ ጠመዝማዛ ከተባለ ግን ይለወጣል።

ሦስተኛው ክንድ፦

በውይይቱ ላይ አንድ ነገር ልቃወም። ከላይ «ጋዝ አልቆባቸዋል» የሚለው አነጋገር፣ ሌንቲኩላር ሁሉ ያረጀ ጠመዝማዛ ጋላክሲ ነው የሚል ስሜት እንዳይሰጥ እሰጋለሁ። ይህ አስተሳሰብ በመጽሔቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ለአንዳንዶቹ ይሠራል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም።

የሚሠራው በትልልቅ የጋላክሲ ክላስተሮች (በስበት በተሳሰሩ የብዙ ጋላክሲዎች ስብስቦች) ውስጥ ላሉት ነው። ጄምስ ጋንና ሪቻርድ ጎት እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት፣ በክላስተሩ ውስጥ የሞላው በጣም የጋለ ጋዝ፣ ወደ መሐል እየወደቀ ያለን ጠመዝማዛ ጋላክሲ እንደ ፊት ለፊት ነፋስ ሆኖ ይገፋውና ቀዝቃዛ ጋዙን ገፎ ያወጣበታል። ኮከቦቹ ግን ባሉበት ይቀራሉ። አለን ድሬስለር በ1980 ባወጣው ጥናት 55 ክላስተሮችን መርምሮ፣ ጋላክሲዎች በተጠጋጉበት ስፍራ ሁሉ የጠመዝማዛዎቹ ድርሻ እየቀነሰ የሌንቲኩላሮቹና የሞላላዎቹ ድርሻ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ብርሃናቸው ከሩቅ ዘመን የሚደርሰንን ክላስተሮች ስናይም የሌንቲኩላሮቹ ድርሻ ከዛሬው ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይህም ለውጡ በጊዜ ሂደት የመጣ መሆኑን ይደግፋል።

ኤንጂሲ 4993 ግን የሚኖረው ጥቂት ጋላክሲዎች ባሉበት አነስተኛ ቡድን ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ግፊት የሚፈጥር ጋዝ እዚያ አይጠበቅም። ለእርሱ የተለየ ታሪክ ያስፈልገዋል፤ ታሪኩም ምስሉ ላይ ተጽፏል። የጋላክሲው ለስላሳ ብርሃን በስሌት ተቀንሶ ሲወጣ፣ ከሥሩ ቅስት የሚመስሉ ደብዛዛ ቅርፊቶች፣ ከመሐሉ አጠገብ ደግሞ የአቧራ ጭረቶች ብቅ ይላሉ። ቅርፊቶቹ የሚፈጠሩት አንድ አነስተኛ ጋላክሲ ወደ ትልቁ መሐል ሲወድቅ፣ የተበተኑት ኮከቦቹ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ በየመመለሻቸው ቦታ ላይ ሲዘገዩና ሲከማቹ ነው። እንዲህ ያለው ቅርጽ ለዘለዓለም ስለማይቆይ፣ ኤንጂሲ 4993 ሌላ ጋላክሲን የዋጠው በጋላክሲ ዕድሜ ሲታይ በቅርቡ፣ ምናልባትም ባለፈው አንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ እንደሆነ ይገመታል። ኒውትሮን ኮከቦቹ ራሳቸው ከዚህ መዋዋጥ ጋር ግንኙነት ይኖራቸው ይሆን ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች አሉ፤ ጥያቄው ክፍት ነው።

ሲድኒ ቫን ደን በርግ ገና በ1976 ሌንቲኩላሮችን ከጠመዝማዛዎቹ ጎን ለጎን በሚሄድ የራሳቸው ተርታ ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ሐሳብ ማቅረቡ በዚህ ረገድ አስተዋይነት ነው። ከእነርሱ መካከል ጉብታቸው በጣም ግዙፍ የሆኑም፣ ጉብታ የሌላቸው እስኪመስል ድረስ ቀጭን የሆኑም አሉ። ሁሉንም በአንድ የትውልድ ታሪክ መጠቅለል አይቻልም።

የማታ ሰማይ፦

ሦስተኛው ክንድ ያነሡትን እቀበላለሁ፤ ስለ ቅርፊቶቹ የጻፉት በተለይ ጠቃሚ ነው። ያልተመለሰው የርቀቱ ጥያቄ ስለሆነ ወደዚያ ልሂድ።

የተለመደው መንገድ ብርሃኑ ወደ ቀይ ምን ያህል እንደተንሸራተተ ለክቶ፣ ጋላክሲው ከእኛ የሚርቅበትን ፍጥነት ማስላትና በሀብል ሕግ ወደ ርቀት መለወጥ ነው። ኤንጂሲ 4993 በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዚህ ርቀት ላይ ላለ ጋላክሲ ግን የዩኒቨርስ መስፋፋት ብቻውን አይደለም የሚያንቀሳቅሰው፤ የአካባቢው ጋላክሲዎች ስበትም በሰከንድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ይጎትተዋል። ይህ ከጠቅላላው ፍጥነት አንድ አሥረኛ ያህል ሊደርስ ስለሚችል፣ በርቀቱም ላይ የዚያን ያህል ጥርጣሬ ይጨምራል። 130ና 140 የሚለው ልዩነት ከዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ አይበልጥም።

ከዚህ ነፃ የሆነና፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረኝ ዘዴ ሌላ ነው። ጆን ቶንሪና ዶናልድ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ይህ ዘዴ የብርሃኑን ሸካራነት ይለካል። የአሸዋ ክምር ከቅርብ ሲያዩት ቅንጣቱ ይለያል፣ ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል፤ ጋላክሲም እንዲሁ ነው። በቅርብ ባለ ጋላክሲ ምስል እያንዳንዷ ፒክስል የምትይዘው የኮከብ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ፣ ከአንዷ ፒክስል ወደ ሌላዋ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ጋላክሲው በራቀ ቁጥር በአንዲት ፒክስል ውስጥ ብዙ ኮከቦች ስለሚታጨቁ ልዩነቱ እየጠፋ ይሄዳል። የሸካራነቱን መጠን በመለካት ርቀቱን ማስላት ይቻላል። ይሁንና ዘዴው በደንብ የሚሠራው አቧራና የአዳዲስ ኮከቦች ስብስብ በማይረብሹት ጋላክሲ ላይ፣ ማለትም በሞላላና በሌንቲኩላር ላይ ነው፤ በጠመዝማዛ ክንድ ላይ ሸካራነቱ ከርቀቱ ይምጣ ከክንዱ መለየት ያዳግታል። በሀብል ቴሌስኮፕ ምስሎች ላይ ተመሥርቶ በ2018 የወጣው የዚህ ዓይነት ልኬት ለኤንጂሲ 4993 የሰጠው ርቀት 40.7 ሜጋ ፓርሴክ፣ ማለትም 133 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ስሕተቱ ከመቶ 6 ያህል ነው። የትኛውን ልያዝ ላሉት እኔ ይህን እንዲይዙ እመክራለሁ።

ሦስተኛው መንገድ የስበት ሞገዱ ራሱ ነው። በርናርድ ሹትዝ በ1986 እንዳመለከተው፣ የሞገዱ አካሄድ ከምንጩ ምን ያህል ኃይል እንደወጣ ስለሚናገር፣ እኛ ዘንድ የደረሰውን ኃይል ከዚያ ጋር በማነጻጸር ርቀቱን ያለ ሌላ የርቀት መለኪያ እገዛ ማግኘት ይቻላል። በ2017ቱ ክስተት የተገኘው ርቀት 40 ሜጋ ፓርሴክ ገደማ ነበር። ከጋላክሲው ፍጥነት ጋር ሲጣመርም የዩኒቨርስን የመስፋፋት መጠን 70 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ለአንድ ሜጋ ፓርሴክ አድርጎ ሰጠ፤ ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 8 ስሕተት ይዞ። ስሕተቱ ሰፊ የሆነበት ዋናው ምክንያት የጥንዱ ምሕዋር ወደ እኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ በትክክል አለመታወቁ ነው። ቅርብ ሆኖ ጎኑን የሰጠን ጥንድና ሩቅ ሆኖ ፊቱን ያዞረልን ጥንድ ተመሳሳይ ኃይል ያለው ሞገድ ሊያደርሱን ይችላሉ። ርቀቱን በሸካራነት ዘዴ ለይቶ መለካት ይህን መዘነባበል ለመገደብም ያገለግላል።

አድማስ ማዶ፦

አሁን ጠራልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፤ ጋላክሲውን በግል ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል?

ኅብረ ቀለም፦

ይቻላል፤ ብዙ ግን አይጠብቁ። ድምቀቱ ከ12ኛ እስከ 13ኛ ደረጃ ባለው ውስጥ ስለሆነ (የደረጃው ቁጥር በጨመረ መጠን ድምቀቱ ይቀንሳል)፣ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕና ከከተማ መብራት የራቀ ጨለማ ሰማይ ይፈልጋል። ያኔም የሚያዩት ትንሽ ክብ ጉም ነው፤ ቅርፊቶቹም ሆኑ አቧራው አይታዩም፤ ኪሎኖቫውም ከደበዘዘ ቆይቷል። ለምሽት ምልከታ የሚመቸው ከአፕሪል እስከ ሜይ ነው።

ሌንቲኩላር ጋላክሲ ምን እንደሚመስል በዓይንዎ ማየት ከሆነ ፍላጎትዎ፣ በኤንጂሲ 3115 ቢጀምሩ ይሻላል። በሴክስታንስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ 32 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ድምቀቱ 9ኛ ደረጃ ስለሆነ በአነስተኛ ቴሌስኮፕም ይታያል። በጎኑ ስለተመለሰልን መሐሉ ያበጠና ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ሆኖ ይወጣል፤ የማታ ሰማይ ስለ ዲስኩ የጻፉት በቀጥታ የሚታይበት ጋላክሲ ነው። ከፌብሩዋሪ እስከ አፕሪል ባሉት ምሽቶች ይፈልጉት፤ በመጀመሪያ በዝቅተኛ ማጉያ አግኝተው፣ ከዚያ ማጉያውን ከፍ ያድርጉ።